ደወል ሲደወል መኪና የማይገባበት መንገድ፦ ከቆጠራው እስከ መዝጊያው ቁልፍ

አንድ ቀን ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረድኩና ለመውጣት ኋላ ማርሽ አስገባሁ። መስታወቱን አየሁ። ማንም የለም። እግሬን ከፍሬኑ ላነሳ ስል አንዲት እናት የመኪናውን ጀርባ በመዳፏ ደበደበችው። ደንግጬ ወረድኩ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ተማሪ ከፓራውልቱ ኋላ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጫማ ዞረ።

እስከዚያ ቀን ድረስ በሩ ላይ ላለው ትርምስ የምወቅሰው «ሾፌሮችን» ነበር። ሾፌሮቹ ግን እኛው ነን። በመግቢያ ሰዓት ያንን መንገድ በዋናነት የሚያጨናንቀው አላፊ አግዳሚው መኪና አይደለም። ልጁን እበሩ ሥር ካላወረደ ያደረሰው የማይመስለው ወላጅ ነው። ይህን መጀመሪያ ካላመናችሁ ከታች ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ልታሳምኑት የምትሄዱት ሰው በየቀኑ ሰላም የምትሉት የልጃችሁ ጓደኛ አባት ነውና።

ከዚያ ወዲህ ከጥቂት ወላጆችና መምህራን ጋር ሆነን መንገዱን በሰዓት አዘግተናል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር አበላሽተናል። አሠራሩን በተራ በተራ ላስቀምጥ፤ የተበላሸውንም ጭምር።

የሚዘጋው ምኑ ነው?

መንገዱን ጨርሶ መዝጋት አይደለም። በትምህርት ቤቱ በር ፊት ያለውን አጭር መንገድ፣ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ ለመኪና መከልከል ነው። ጠዋት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ሲወጡም እንደዚያው። ትምህርት በሌለበት ቀን መንገዱ እንደወትሮው ነው። እግረኛ፣ ብስክሌትና ተሽከርካሪ ወንበር ምንጊዜም ያልፋሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሰሜን ጣሊያን የምትገኘው ቦልዛኖ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምራዋለች። ከዚያ ወደ ቤልጅየም፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ ተዛመተ። በ2020 ኮሮና መጥቶ ወላጆች በር ላይ ተራርቀው መቆም ሲኖርባቸው ለንደን ውስጥ በአንዴ ተስፋፋ። ፓሪስ ደግሞ አንዳንዶቹን ጭራሽ ዘግታ፣ አስፋልቱን አንስታ ዛፍ ተከለችባቸው። ይህን የምነግራችሁ ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ፈቃድ ለመጠየቅ የከተማው መንገድ ቢሮ ስትሄዱ «ይሄ ደግሞ የት ታየ?» መባላችሁ ስለማይቀር ነው።

ለዚያው ቢሮ የሚሆን አንድ ስሌትም ያዙ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ስምንት ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ በደረቅ አስፋልት ጠቅላላ የመቆሚያ ርቀቱ 13 ሜትር ገደማ ነው። በ50 የሚሄደው ግን በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ልጁ 13 ሜትር ላይ ዘሎ ቢገባ፣ በ30 የመጣው መኪና እአፍንጫው ሥር ይቆማል። በ50 የመጣው ፍሬን ሳይነካ ልጁ ጋ ደርሷል።

ልጆች ደግሞ የሚመጣ መኪና ፍጥነት በደንብ አይለዩም። የለንደኑ ሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣን መኪና ልጆቹ በትክክል መለየት እንደሚቸግራቸው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው ገዳይ የመንገድ አደጋ መሆኑን ይናገራል።

ይህ ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። በሩ ላይ የሚያስፈራኝ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ቁመቱ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው። የቆመ የቤት መኪና ጣሪያ ከዚያ በላይ ነው። በሁለት መኪኖች መሀል የሚወጣ ልጅ እስኪወጣ ድረስ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጠሩ። እኛ ይህን ዘለልነው። አቤቱታ ጽፈን፣ ፊርማ አሰባስበን ሄድን። የተቀበለን ሰው «ስንት መኪና ነው?» አለን። «ብዙ» አልን። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው፤ እኛም ወደ ቤታችን።

ቆጠራው ከባድ አይደለም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ደብተር፣ ሦስት ቀን ይበቃል። ሰኞና ዓርብ ብዙ ጊዜ የተለዩ ቀናት ስለሆኑ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን ውሰዱ። ከሦስቱ አንዱ ዝናብ ቢሆን እሰየው፤ የከፋውን ታያላችሁ። ከደወሉ 40 ደቂቃ በፊት ጀምራችሁ ከደወሉ 10 ደቂቃ በኋላ ጨርሱ። ሰዓቱን በአምስት በአምስት ደቂቃ ክፈሉት። ለምን ቢባል ትርምሱ 40 ደቂቃ አይቆይም። አብዛኛውን ጊዜ ከደወሉ በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት ናት የምትቀውጠው። እሷን ለይታችሁ ካወቃችሁ የምትጠይቁት የመዝጊያ ሰዓት ያጥራል። ያጠረ ጥያቄ ደግሞ ቶሎ ይፈቀዳል።

መኪና ብቻ አትቁጠሩ። የሚከተሉትን ለያዩ፦ ያለፈ መኪና፣ ቆሞ ልጅ ያወረደ፣ ደርቦ የቆመ፣ ኋላ የሄደ፣ ዜብራ ላይ ወይም እግረኛ መንገድ ላይ የወጣ። ልጆቹንም ቁጠሩ፤ በመኪና የመጡትን ለብቻ፣ በእግር የመጡትን ለብቻ። የደብተሩ አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ከደወሉ 10 ደቂቃ በፊት። ያለፈ 4። ያወረደ 19። ደርቦ የቆመ 5። ኋላ የሄደ 6። ዜብራ ላይ 2። በእግር የገባ ልጅ 61።»

እንዲህ ያለ መስመር ከሦስት ገጽ ምሬት ይበልጣል። በተለይ «ያለፈ» እና «ያወረደ» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከላይ ያልኩት ነገር እዚያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። የታርጋ ቁጥር ግን አትመዝግቡ፤ ፎቶም አታንሱ። ገና ከመጀመራችሁ ከወላጅ ጋር ያጣላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹን ጠይቁ። መምህራን በሥዕል ክፍለ ጊዜ ከቤት እስከ ክፍል ያለውን መንገድ እንዲስሉና የሚፈሩበትን ቦታ በቀይ እንዲያከብቡ ያድርጉ። እኛ ሁላችንም ስጋታችን ዜብራው ነበር። ልጆቹ ያከበቡት ግን ማዕዘኑን ነው። ሰርቪሱ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው እግረኛ መንገዱን ጨረፍ አድርጎ ያልፋል። እኛ ከላይ አናየውም። እነሱ ጎማው በደረታቸው ልክ ነው የሚያልፈው።

መንገዱ ይሆናል ወይ?

ሁሉም መንገድ ለዚህ አይሆንም። የሕዝብ አውቶቡስ የሚሄድበት ወይም ከተማውን ከዳር ዳር የሚያገናኝ ዋና መንገድ ከሆነ ተዉት፤ ማንም አይፈቅድላችሁም፣ ባይፈቅድም አልፈርድበትም። የሚሆነው አጭር፣ መኖሪያ ቤት ያለበትና መኪናው በሌላ በኩል ዞሮ ሊሄድ የሚችልበት የውስጥ መንገድ ነው። ጫፉ የተዘጋ መንገድ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትጠብቁት።

የምትዘጉበት ነጥብ ወሳኝ ነው። ሁልጊዜ መታጠፊያው አፍ ላይ ዝጉ፤ መሀል ላይ አትዝጉ። መሀል ላይ ከዘጋችሁ ሾፌሩ ገብቶ፣ መዝጊያውን አይቶ፣ ኋላ ማርሽ ያስገባል። ያ እንግዲህ ከመጀመሪያው የሸሸነው ነገር ነው። ማስጠንቀቂያ ምልክቱ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሾፌሩ ገና ሐሳቡን መቀየር በሚችልበት መስቀለኛ ላይ ይቁም። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትወጣ የሾፌሩን ዓይን የምትመታበት አቅጣጫ ካለ በዚያ በኩል ያለውን ምልክት ይበልጥ አርቁት።

በሩ ዋና መንገድ ላይ ከሆነስ? ሌላ በር ፈልጉ። ብዙ ትምህርት ቤት በጎን ወይም በጀርባ የዛገ፣ በሰንሰለት የታሰረ በር አለው። እሱን ከፍቶ ጥበቃ ማቆምና በጎን ያለውን ጠባብ መንገድ መዝጋት ይቻላል። ያም ካልሆነ የፍጥነት ወሰን 30 ማድረግ፣ ከፍ ያለ ዜብራ ማሠራት፣ የትናንሾቹንና የትልልቆቹን መግቢያ በ15 ደቂቃ መለያየት አለ። የመጨረሻው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ርዕሰ መምህሩ ወይም ርዕሰ መምህርቷ «እሺ» እንዲሉ ብቻ ነው።

ፈቃድ

በራሳችሁ ሥልጣን መንገድ አትዝጉ። ልጆችን ለመጠበቅ ብሎ ኮን ደርድሮ መቆም ደግ ሥራ ይመስላል። አደጋ ቢደርስ ግን ተጠያቂው ኮን የደረደረው ነው።

ጥያቄው መሄድ ያለበት በትምህርት ቤቱ ስም ነው። ለከተማው የመንገድና የትራንስፖርት ክፍል ይቀርባል፤ ግልባጩ ለትራፊክ ፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ውስጡ የመንገዱ ስም፣ ከየት እስከ የት፣ የትኞቹ ቀናት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን እንደሚያልፍ፣ መዝጊያው ላይ ማን እንደሚቆም ይኑር። የቆጠራውን ሠንጠረዥና በእጅ የተሳለም ቢሆን አንድ ካርታ አያይዙ።

«ሙከራ» የምትለዋን ቃል አትርሱ። ለዘለቄታው ልዝጋ የሚልን ሰው ሁሉም ይፈራዋል። ለአንድ መንፈቅ ልሞክር የሚልን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። ለምሳሌ በእንግሊዝ ሕግ የሙከራ የትራፊክ ትእዛዝ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የነዋሪው አስተያየት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ይጸናል ወይ ይነሳል። እናንተም ሙከራው በምን እንደሚመዘን ሳትጀምሩ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለምሳሌ በሩ ፊት ኋላ የሚሄድ መኪና እንዳይኖርና በጎን መንገዶች ላይ ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳይጨምር። አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ሁሉም በየፊናው «ተሳክቷል»፣ «አልተሳካም» ይባባላል።

የእሳት አደጋ ሰዎች የሚጠይቋችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መዝጊያውን አንድ ሰው ብቻውን በስንት ሰከንድ ያነሳዋል?» መልሱ ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ መዝጊያውን ቀይሩ።

በየቤቱ ማንኳኳት

ይህኛው ክፍል ጊዜ ይበላል። ግን እዚህ ላይ የቆጠባችሁት ሰዓት በኋላ በጭቅጭቅ ይወጣል።

በሚዘጋው መንገድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቤትና ሱቅ አንኳኩ። ወረቀት በበር ሥር ማስገባት ማንኳኳት አይደለም። እኔ የታተመ ወረቀት ይዤ ነበር የሄድኩት። አራተኛው ቤት አንድ አዛውንት ወጡ።

«አባባ፣ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ትሄዳለች። የምትወጣው ልጆቹ በሚገቡበት ሰዓት ነው። ታክሲው እናንተ ብረት ጋ ቆሞ፣ እሷ በምርኩዝ ትድረስበት?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሄድኩት ባዶ ደብተር ይዤ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «በዚህ ሰዓት ከቤትዎ ማን ይወጣል፣ ማንስ ይገባል?» ቀሪውን እነሱ ይነግሩኛል።

የሚያልፉትን ሰዎች ዝርዝር የምታወጡት ከዚህ ደብተር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገቡበት እነዚህ ናቸው፦ የመንገዱ ነዋሪዎች፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የሚያመጣ መኪና፣ ታማሚ የሚያመላልስ፣ ቤት ለቤት እየሄደ የሚያስታምም ነርስ፣ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋና ፖሊስ። ለሱቅ ዕቃ የሚያመጣ መኪና ብዙ ጊዜ ሰዓቱን መቀየር ይችላል፤ ባለሱቁን ጠይቁት። መምህራን ግን አይግቡ። ቀድመው ይምጡ ወይም ራቅ አድርገው ያቁሙ። ይህን ስል በመምህራን ክፍል ያለኝን ወዳጅነት አደጋ ላይ እየጣልኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መምህሩ እየነዳ ሲገባ ወላጁን «አቁም» ማለት አይቻልም።

ለነዋሪዎቹ በመስታወት ላይ የሚታይ ካርድ ስጡ። አዛውንቱ ጋ ግን ካርድ አልሠራም፤ ታክሲው በየቀኑ ሌላ ነው። ስለዚህ የታርጋ ቁጥር መመዝገቡን ትተን የቤት ቁጥር መዘገብን። «የ14 ቁጥር ነኝ» ያለ ታክሲ ያልፋል። አዛውንቱ ዛሬም መንገዱ መዘጋቱን አይወዱትም። ታክሲያቸው ግን አንድም ቀን አልቆመም።

የሚያልፍ መኪና ሁሉ በእግር ፍጥነት ነው የሚያልፈው። አንድ ተረኛ ከፊቱ እየተራመደ፣ ልጆቹን ወደ ዳር እያለ ይወስደዋል። ሾፌሩ ተረኛውን መቅደም አይችልም። ቀላል ዘዴ ነች፤ የፍጥነት ምልክት ከሚሠራው በላይ ትሠራለች።

ወላጆቹ የት ያውርዱ?

መንገድ ዘግታችሁ ሌላ ቦታ ካላሳያችሁ ትርምሱን 100 ሜትር ገፋችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት ማውረጃ ቦታ አግኙ። ከበሩ 300 ወይም 400 ሜትር ርቀት ያለው ጥሩ ነው፤ ለሕፃን የአምስት ደቂቃ እግር ጉዞ ነው። ከዚያ የቀረበ ከሆነ ሁሉም ይጠጋጋል። ጠዋት ባዶ የሚውል የመኪና ማቆሚያ ካለ ባለቤቱን አነጋግሩ። አንድ ቦታ ብቻ አትምረጡ፤ በተለያየ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ይሁን።

ከማውረጃው እስከ በሩ የእግር ሰርቪስ አቋቁሙ። እኛ ስሙን ያወጣነው እንዲያ ነው። እንደ መኪናው ሰርቪስ የታወቀ መነሻ ሰዓትና የታወቀ ፌርማታ አለው፤ ጎማው ግን የልጆቹ እግር ነው። አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ለትናንሾቹ ለሦስት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከፍ ላሉት ለስድስት አንድ ቢሆን ይመረጣል። ከኋላ ያለው ሰው ስም መዝገብ ይያዝ፤ ሲነሱም ሲደርሱም ይቁጠር። በሰዓቱ ይነሳል፣ ማንንም አይጠብቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ለሚያረፍዱ አዝናችሁ አምስት ደቂቃ ከጠበቃችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም አምስት ደቂቃ ያረፍዳል።

«ሥራ ይረፍድብኛል» የሚል ወላጅ ይመጣል። እውነቱን ነው። ግን በሩ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ደቂቃ አስቆጥሩት። ብዙዎቹ ራቅ ብለው ሲያወርዱ ቶሎ ነው የሚወጡት።

ዕቃና ሰው

ዕቃው ጥቂት ነው። ለየመግቢያው ቀይና ነጭ አንጸባራቂ የተለጠፈበት መዝጊያ፣ አራት ያህል ኮን፣ ሰዓቱን የሚያሳይ ምልክት፣ ለተረኞቹ አንጸባራቂ ሰደርያ። ኮን ብቻውን አይበቃም፤ ሾፌር ገፋ አድርጎት ያልፋል። ገመድ ወይም ሰንሰለት ደግሞ በፍጹም አትወጥሩ። ሞተር ወይም ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከሩቅ አያየውም፤ የሚያገኘው ደግሞ በአንገቱ ነው።

ሰዎቹ ላይ ነው ነገሩ። ለየመግቢያው ሁለት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሾፌር ጋር ያወራል፣ ሌላው ልጆቹን ያያል። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ አትዝጉ። አንድ በኩል ተዘግቶ አንድ በኩል የተከፈተ መንገድ ካልተዘጋው የባሰ ነው፤ ልጆቹ ተዘግቷል ብለው መሀል ይገባሉ፣ መኪናውም በዚያ በኩል ይገባል።

ተረኞቹ ከመጀመራቸው በፊት ትራፊክ ፖሊስ ለአንድ ሰዓት ያሠልጥናቸው። ሥልጠናው ባይገኝ እንኳ ይህችን አጥብቃችሁ ንገሯቸው፦ የሰው አካል ፍሬን አይደለም። ሁልጊዜ ከመዝጊያው ጀርባ፣ በእግረኛ መንገዱ በኩል ቁሙ። በመኪና ፊት አትቁሙ። ገፍቶ የሚገባ ሾፌር ካለ ዞር በሉለትና ይግባ፤ ልጆቹን ወደ ዳር ሰብስቡ፣ ታርጋውንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ለሚመለከተው ስጡ። አትሟገቱ። እኔ አንዴ ተሟግቼ አውቃለሁ። እኔና ሾፌሩ ስንጨቃጨቅ ከኋላው ስድስት መኪና ተሰልፎ ክላክሱን ያስጮኸው ነበር። ልጆቹ ቆመው ትርኢት ያያሉ።

ለሾፌሩ የምትሉትን ቀድማችሁ አጥኑት። አጭር ይሁን፦ «እንደምን አደሩ። ለልጆቹ እስከ ደወሉ ተዘግቷል። 20 ደቂቃ ቀርቶታል። መዞሪያው በስተግራ ነው።» ሰላምታ፣ ምክንያት፣ ሰዓት፣ አማራጭ። ሰው የሚናደደው ከመከልከሉ ይልቅ የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ነው።

ሳይረን ከሰማችሁ መጀመሪያ ልጆቹ ወደ ዳር፣ ከዚያ መዝጊያው። በዚህ ቅደም ተከተል ተለማመዱት።

በሰው ማስቆም ካልተቻለ ካሜራ አለ፤ ታርጋ አንብቦ ያልተፈቀደለትን የሚቀጣ። በብዙ የለንደን መንገዶች የሚሠራው እንደዚያ ነው። ግን ካሜራ የከተማው ሥራ ነው፣ የወላጅ ኮሚቴ ሥራ አይደለም። ካሜራ ደግሞ ቅጣቱን የሚልከው መኪናው ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት አትጀምሩ። አዲስ ወላጅ በሩን እንኳ ገና አላወቀውም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ይሁን፤ ቀኑም ማክሰኞ። ከሁለት ሳምንት በፊት ማስታወቂያ ለጥፉ፣ ለወላጆች በስልክ መልእክት ላኩ፣ ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ድገሙት። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያው ቀን «አልሰማሁም» የሚል ይሞላል። ይቻላል።

መዝጊያው ከመቆሙ አምስት ደቂቃ በፊት ውስጥ ያለው መኪና እንዲወጣ አድርጉ። አንድ መኪና እንኳ ውስጥ ከቀረ ሾፌሩን አግኙት። በተዘጋ መንገድ ላይ ድንገት የሚነሳ መኪና ከሁሉም የከፋ ነው፤ ማንም አይጠብቀውምና።

የሚገርመው ነገር ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን አስፋልቱን አያምኑትም። መንገዱ ባዶ ሆኖ እያዩት በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀን አንዷ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሣለችበት። ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣቸው!

ስለዚህም መምህራን በክፍል ውስጥ ይህን ይንገሯቸው፦ መዝጊያው ጋ ሲደርሱ መንገዱ እንደገና የመኪና ነው። ቆም፣ ግራ፣ ቀኝ። ውስጥም ቢሆን ፈቃድ ያለው መኪና ሊመጣ ይችላል፤ ብስክሌትም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ መኪናና ሞተር ቀስ ብለው ሲሄዱ ድምፃቸው እምብዛም ስለማይሰማ በጆሮ ብቻ መተማመን አይቻልም።

እንደገና ቁጠሩ

በመጀመሪያው ሳምንት አትቁጠሩ፤ ገና አልረጋም። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት፣ በዚያው ደብተር፣ በዚያው ቀንና ሰዓት ቁጠሩ። በጎን ያሉትን መንገዶችም ጨምሩ። ነዋሪዎቹ «ትርምሱን ወደኛ አመጣችሁት» ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ በእጃችሁ ቁጥር ይኑር። የጎን መንገዶቹን ከመዝጋታችሁ በፊት ካልቆጠራችሁ ግን የምታወዳድሩት ነገር የለም። ይህንንም ያወቅነው ከረፈደ ነው።

የኤዲንብራ ኔፒየር ዩኒቨርሲቲ በ2020 ያወጣው ግምገማ፣ መኪናው ወደ ጎን መንገድ መዞሩ ብዙ ጊዜ ከባድ የደኅንነት ችግር እንዳላመጣ ይናገራል። የመኪናው ብዛት ራሱ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ወላጅ በእግር ማምጣት ይጀምራል። ጭሱም አብሮ ይቀንሳል። ለንደን ውስጥ በ2021 ይፋ የሆነ ልኬት፣ በጠዋቱ መግቢያ ሰዓት ከመኪና ጭስ የሚወጣው ጎጂ ጋዝ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን እስከ 23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በእናንተ መንገድ እንዲሁ ይሆናል ብላችሁ ግን ለማንም ቃል አትግቡ። የራሳችሁን ቁጥር አሳዩ።

ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ መጀመሪያ የምትነኩት ሰዓቱን ነው። 10 ደቂቃ ማስቀደም ብቻ ብዙ ነገር ያስተካክላል። ቀጥሎ የማውረጃው ቦታ። የመዝጊያውን ነጥብ መቀየር የመጨረሻ ነው፤ እንደገና ፈቃድ ይጠይቃልና።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረች። መዝጊያው ሌሊት የት ያድራል? የእኛ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው የሚያድረው። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከሁላችንም ቀድሞ የሚመጣ ታታሪ አባት። አንድ ሐሙስ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ስምንት ተረኛ ሰደርያውን ለብሶ በተቆለፈ በር ፊት ቆመ፤ መኪናው በጎናችን እየተጋፋ ገባ። በነጋታው ሦስት ቁልፍ አስቀረጽን። አንዱ ጥበቃው ጋ፣ አንዱ ጸሐፊዋ ጋ፣ አንዱ እሱው ጋ ነው።